ወርቅ የሌለው ሰም

ወጣት አንባቢዬ ሆይ! በዘመናችን ከብዙ ሰው አፍ የሚሰማ አንድ አነጋገር አለ፤ ይኸውም «ዋናው ላዩ ማማሩ ነው፤ ውስጡን ማን ያየዋል?» የሚለው ነው። ይህን ጽሑፍ የጻፍሁት ያን አነጋገር ለመቃወም ነው። ስለ ጠባይ የሚጻፍ ምክር ግን ምሳሌ ካልተጨመረበት ጨው እንደሌለው ወጥ ስለሚሆን፣ እኔ ምሳሌዬን በዓይኔ ካየሁትና በእጄ ከዳሰስሁት ነገር አመጣለሁ። ነገሩም የአንድ አሮጌ መኪና ገላና ብልጭታው ነው። «አንድ ጡረተኛ መምህር ስለ መኪና ሰም ምን አገባው?» ትሉ ይሆናል። ጥቂት ታገሡኝ፤ ነገሩ ከመኪና ይጀምራል እንጂ በመኪና አያበቃም።

አሜሪካኖች አር-ቪ ብለው የሚጠሩት አንድ ዓይነት መኪና አለ። በውስጡ አልጋ፣ ምድጃ፣ መታጠቢያ ክፍልና የውሃ ማጠራቀሚያ ያለበት፣ ሰው ቤቱን ይዞ የሚዞርበት መኪና ነው። አንዳንዱ በራሱ ሞተር ይሄዳል፤ አንዳንዱም በሌላ መኪና ይጎተታል። እኔ በአማርኛ «የቤት መኪና» እለዋለሁ። ለአገራችንም ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ኤርስትሪም የተባለውን ፋብሪካ ያቋቋመው ዋሊ ባያም የሚባል አሜሪካዊ፣ በ1952 ዓ.ም. ወደ 40 የሚጠጉ እንደ ብር የሚያበሩ የአሉሚንየም ተጎታች ቤቶችን እየመራ ከኬፕታውን ወደ ካይሮ ሲጓዝ በኢትዮጵያ ምድር አልፏል። በዚያ ዘመን በነበረው የጭቃና የድንጋይ መንገድ እነዚያን ቤቶች ያሻገራቸው ብልጭታቸው አልነበረም፤ በየመንገዱ የሚሰበረውን እየጠገኑ የሚጓዙት ሰዎች ትዕግሥት ነው።

ወደ ራሴ ነገር ልመለስ። ልጄ የሚኖረው በኮሎራዶ ግዛት በኦሮራ ከተማ ነው፤ እኔም ከጡረታ በኋላ ከእርሱ ጋር ነኝ። በ2013 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ልጄ አንድ አሮጌ የቤት መኪና ገዛ። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ከኮሮና በሽታ የተነሣ ከሆቴልና ከአውሮፕላን እየሸሸ ወደ ጫካና ወደ ተራራ ይወጣ ነበር። በፈረንጆች 2021 ዓመት ብቻ ፋብሪካዎች 600 ሺህ ያህል አዳዲስ የቤት መኪናዎች አውጥተዋል፤ አዲሱን ለመግዛት አቅም ያነሰው ደግሞ አሮጌውን ይሻማ ነበር። ልጄ የገዛው በፈረንጆች 1996 የተሠራ፣ ርዝመቱ 28 ጫማ የሆነ፣ ዋጋውም 14 ሺህ ዶላር ነበር። ይህ ገንዘብ ልጄ አምስት ዓመት ሙሉ ሌሊት ሌሊት በመኪናው ሰው እያመላለሰ ያጠራቀመው ነው። ምኞቱም በበጋ ልጆቹን ይዞ ተራራውንና ሐይቁን ሊያሳያቸው ነበር።

መኪናውን ለማየት በሄድን ጊዜ እኔም አብሬ ነበርሁ፤ ስለዚህ ከጥፋቱ ንጹሕ አይደለሁም። ሃያ አምስት ዓመት የኖረ ነገር እንዲህ ሲያበራ አይቼ አላውቅም። ጎኑ መስተዋት መስሎ ስለ ነበር፣ አጠገቡ ቆሜ መልኬን አየሁበት፤ ከረባቴንም አስተካከልሁበት። ጎማዎቹ ሳይቀሩ ጥቁር ቅባት ተቀብተው ያብለጨልጩ ነበር። ልጄ «አባባ፣ እንዴት አዩት?» አለኝ። እኔም «ባለቤቱ የሚጠነቀቅ ሰው መሆን አለበት» አልሁት። ወጣቶች ሆይ፣ ይህን ቃሌን አስታውሱት፤ የነገሩ ሁሉ መሠረት ይህ ቃል ነው። ብልጭታውን አይቼ ስለ ሰውየው ጠባይ መሰከርሁ።

ሰኔ ሲገባ የኮሎራዶ የከሰዓት በኋላ ዝናብ ከነበረዶው መጣ። በመጀመሪያው ሌሊት የታናሽቱ የልጅ ልጄ ፍራሽ ራሰ። በሁለተኛው ሳምንት ከመስኮቱ በታች ያለው ግድግዳ ውሃ እንደ ቋጠረ ቆዳ አበጠ። ስንከፍተው፣ ከፋይበር ግላሱ በስተጀርባ ያለው ኮምፔንሳቶ በስብሶ እንደ ራሰ ዳቦ በጣት ይቆረስ ነበር። መበስበሱ የዚያ ክረምት ሥራ አልነበረም፤ ብዙ ዓመት የቆየ ነው። ነሐሴ ላይ ደግሞ ያ ከረባት ያስተካከልሁበት ጎን ወደ ቢጫ አደላ፤ ከዚያም እባብ ቆዳውን እንደሚጥል ስስ ስስ እየሆነ ይገፈፍ ጀመር። ለካ የተቀባው የቤት ወለል ማንጸባረቂያ ኖሯል። የጎማዎቹንም ዕድሜ ቆይተን ስናነብ አሥራ ሁለት ዓመት አልፏቸው ነበር።

አሁን እንግዲህ የዚህን መኪና ብልጭታ ምን እንደሚገድለውና ምን እንደሚመልሰው ልንገራችሁ፤ ይህን ሳታውቁ ክርክሬን ልትፈርዱበት አትችሉምና።

የብዙዎቹ የቤት መኪናዎች ግድግዳ ፋይበር ግላስ ነው። በላዩ ጄል ኮት የሚባል፣ ቀለም የተዋሐደበት ጠንካራ ሙጫ ለብሷል፤ ውፍረቱም ከግማሽ ሚሊሜትር ብዙ አይርቅም። አዲስ ሳለ ፊቱ ልሙጥ ስለሆነ ብርሃንን እንደ መስተዋት ይመልሳል። ነገር ግን አልትራቫዮሌት የሚባለው ለዓይን የማይታየው የፀሐይ ጨረር ዓመት ከዓመት ሙጫውን ያደቅቀዋል፤ የላይኛው ፊት ይሻክራል፤ ቀለሙም ዱቄት ሆኖ ይቀራል። በጣታችሁ ብታሹት ጣታችሁ ነጭ ይሆናል። እኔ ሠላሳ ስድስት ዓመት ጠመኔ ይዤ የኖርሁ ሰው ስለሆንሁ ያን ዱቄት ሳየው የጥንት ወዳጄን ያገኘሁ መሰለኝ። ፀሐይ ደግሞ በከፍታ ቦታ ይበረታል፤ በየ1000 ሜትሩ ጨረሩ በ10 በመቶ ያህል እንደሚጨምር የታወቀ ነው። ኦሮራ ከባሕር ወለል በላይ ከ1600 ሜትር በላይ ናት፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2300 ሜትር ትበልጣለች። የአዲስ አበባ መኪናዎች ኮፈናቸውና ጣራቸው ከጎናቸው ቀድሞ የሚደበዝዘው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ሥራውን በቅደም ተከተሉ እነግራችኋለሁ። ልጄና እኔ ከጣራው ጀመርን። የጣራው ልባስ ስስ ጎማ ነው፤ ውሃ የሚገባው ግን ብዙውን ጊዜ በሜዳው ሳይሆን በአየር ማስወጫው፣ በመሰላሉና በመብራቶቹ ዙሪያ፣ መድፈኛው ማስቲሽ በተሰነጠቀበት በኩል ነው። አሮጌውን መድፈኛ ፍቀን፣ አጽድተን፣ ለጎማ ጣራ ተብሎ በተሠራው አዲስ መድፈኛ ደፈንነው፤ ከዚያም በኋላ በዓመት ሁለት ጊዜ እየወጣን እንመረምረው ነበር። ቀጥለን የበሰበሰውን ኮምፔንሳቶ ቆርጠን አውጥተን በአዲስ ተካነው። ከኋላ በኩል ያለው አንድ ክፍል ግን ሙጫው ፈጽሞ ስለ ለቀቀ እንደ አበጠ ቀረ። ወደ ብልጭታው የመጣነው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ብልጭታውም ቢሆን በአንድ ቀን አልመጣም። መጀመሪያ ያን የወለል ማንጸባረቂያ አሞንያ ባለበት ማስለቀቂያ እያረጠብን መፋቅ ነበረብን፤ ይህ ብቻውን ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ከዚያ በለስላሳ ሳሙና አጠብነው። ቀጥሎ ጥላ ባለበትና ገላው ቀዝቃዛ በሆነበት ሰዓት፣ በአንድ ጥግ መዳፍ በምታህል ቦታ ላይ ሞከርን፤ በማይታይ ቦታ ያልተሞከረ ነገር በሚታይ ቦታ አይሠራምና። ሙከራው ሲሳካ፣ የበግ ጠጉር ባለው የሚሽከረከር መሣሪያ ኮምፓውንድ የሚባለውን መፋቂያ ቅባት፣ አስቀድሞ ሻካራውን ቀጥሎም ለስላሳውን እያደረግን፣ የሞተውን ፊት አነሣነው። አንድ ክንድ ስፋት ይጠናቀቃል፤ ከዚያ ሌላ አንድ ክንድ ይጀመራል። እጅ ሲከብድ ደግሞ አደጋ አለ፤ ጄል ኮቱ ስስ ስለሆነ በፋቁት ቁጥር ያልቃል፤ አንድ ጊዜ ካለቀም አይመለስም። በመጨረሻ ሰም ቀባነው። ሰሙም በዚያ ፀሐይ ከጥቂት ወራት በላይ አይቆይምና በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ መታደስ አለበት። ሥራው በሙሉ ሁለት ወር ያህል ወሰደብን፤ ውጤቱም እንደ ሻጩ ብልጭታ የሚያስደነግጥ አልነበረም። ደህና ሆኖ የሚያበራ፣ ዕድሜውን የማይክድ ብልጭታ ነበር።

ይህን ሁሉ ያወራሁት የሁለቱን ብልጭታዎች ልዩነት እንድታዩ ነው። አንዱ በአንድ ከሰዓት በኋላ የተቀባ ነው፤ ሁለተኛው የሁለት ወር ላብ ነው። ከሩቅ ሲያዩአቸው አንድ ናቸው፤ እንዲያውም የመጀመሪያው ይበልጣል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ልዩነታቸውን የሚገልጠው ዝናብና ነሐሴ ብቻ ነው። ነቢዩ ሕዝቅኤል ደካማ ግንብ ሠርተው በኖራ ስለሚመርጉት ሰዎች ተናግሮ፣ ዝናቡ በመጣ ጊዜ ምርጉ የት እንዳለ እንደሚጠየቁ አስጠንቅቋል። እኔ ይህን ክፍል በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት አጥንቼው ነበር፤ የገባኝ ግን የልጅ ልጄን ፍራሽ ወደ ፀሐይ ሳወጣ ነው።

ለፍትሕ ያህል አንድ ነገር ልናገር። በወለል ማንጸባረቂያ መኪናቸውን በየዓመቱ እየቀቡ ደስ ብሏቸው የሚኖሩ ሰዎች አሉ። ለገዛ መኪናው፣ ጉድለቱን አውቆ፣ ጉልበቱም ከዚያ በላይ ስላልፈቀደለት የሚቀባውን ሰው አልነቅፈውም። ክርክሬ ከቅባቱ ጋር አይደለም። ቅባቱን ምስክር አድርጎ ከሚያቆመው ሰው ጋር ነው። ብልጭታ የሚናገረው ቃል አለው፤ «እኔ ተጠብቄአለሁ» ይላል። ሳይጠበቅ «ተጠብቄአለሁ» እንዲል የተደረገ ነገር፣ ዋጋ ተከፍሎት በሐሰት እንደሚመሰክር ሰው ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ወገን እዞራለሁ፤ ምክንያቱም ይህን ነገር ስናገር ፈጥነው «እውነት ብለዋል፤ የውጭ ነገር ከንቱ ነው፤ ዋናው ልብ ነው» የሚሉኝ ሰዎች ብዙ ናቸው። እነዚህም ተሳስተዋል። አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ የሚል ሰው መኪናው በጭቃ የተለሰነ፣ የግቢው አጥር የወደቀ፣ የመጽሐፉ ጥራዝ የተበተነ ነው። ስንፍናውን ትሕትና ብሎ ይጠራዋል።

ካርናውባ የሚባለው የመኪና ሰም ከየት እንደሚመጣ ታውቃላችሁን? በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከሚበቅል የዘንባባ ዛፍ ቅጠል ነው። ዛፉ ሰሙን የሚለብሰው ለማማር አይደለም፤ በዚያ ደረቅና ሞቃት አገር ፀሐይና ነፋስ ውሃውን እንዳይወስዱበት ነው። ቅጠሉ የሚያበራው ስለሚጠበቅ ነው እንጂ ለማብራት ብሎ አይደለም። ከሩቅ አገር ምሳሌ ምን ያስፈልጋል? እናቶቻችን አዲስ ምጣድ ሲገዙ በጎመን ዘር እያሹ፣ እሳት እያነደዱ፣ ደግመው ደጋግመው ያሟሹታል። የተሟሸ ምጣድ ጥቁር ሆኖ ያበራል፤ እንጀራውም ሳይጣበቅ ይነሣል። ማንም ሴት ያን ብልጭታ «ከንቱ የውጭ ነገር» አትለውም። ነገር ግን ያልተሟሸውን ምጣድ ቅቤ ቀብቶ ገበያ ላይ ያወጣ ነጋዴ ቢኖር፣ የመጀመሪያዋ እንጀራ ታጋልጠዋለች።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን ቅዳሜ ቅዳሜ የአዳራሹን ወለል በሰም እንወለውል ነበር። የምትቆጣጠረን መምህርት መሐሉን ፈጽሞ አታይም፤ ቀጥታ ወደ ቁም ሳጥኑ ሄዳ ታስነሣዋለች። ከሥሩ አቧራ ካለ ሥራው ሁሉ ይደገማል። በልባችን እናማርር ነበር፤ «ቁም ሳጥኑ ሥር ማን ያያል?» እንል ነበር። አሁን ሳስበው ያስተማረችን ወለል መወልወል አልነበረም። የሚያበራውን መሐል የሚመሰክርለት የተሸፈነው ጥግ መሆኑን ነው። ደግሞም ልብ በሉ፤ መምህርቲቱ «ሰሙን ተዉት» አላለችም። ሰሙም ይቀባል፤ ጥጉም ይጠረጋል።

እስከዚህ ድረስ የተናገርሁት ቀላል ነበር፤ የተበደለ ሰው ስለ እውነት መናገር አይከብደውምና። የከበደው ዘመን የመጣው በ2016 ዓ.ም. ልጄ ሥራ ለውጦ መኪናውን ለመሸጥ በፈለገ ጊዜ ነው። ያ ከኋላ ያበጠው ክፍል እንዳበጠ ነበር። የልጄ ወዳጅ የሆነ፣ መኪና እየገዛ የሚሸጥ አንድ ወጣት መጥቶ አየውና «ጋሼ፣ ይህን ለእኔ ተዉት፤ ያበጠውን በመርፌ ወግቼ፣ ሙጫ ነፍቼ፣ ስቱኮ መትቼ፣ ከላዩ ቀብቼ እሰጣችኋለሁ። በ11 ሺህ ይሸጣል» አለኝ። ልጄም ዝም ብሎ ያዳምጥ ነበር። ዝምታው መስማማት እንደሆነ ከፊቱ ዐወቅሁ።

የወጣቱ ክርክር ባዶ አልነበረም፤ ስለዚህ አንድ በአንድ አቀርበዋለሁ። በመጀመሪያ «ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው» አለ። እኔም «ሁሉም የሚያደርገው ቢሆን ኖሮ፣ እኛ ስንገዛ ብልጭታውን አይተን ባላመንን ነበር» አልሁት። ሐሰተኛ ብር የሚሠራ ሰው ሊጠቀም የሚችለው ሌላው ሰው እውነተኛ ብር እስከ ያዘ ድረስ ነው። አታላይ ሁሉ የሚበላው ታማኞች ያጠራቀሙትን እምነት ነው፤ አንድ ሳንቲም ግን አይጨምርበትም።

ሁለተኛ «ገዢው ራሱ ይመርምር፤ ዓይን አለው» አለ። እውነት ነው፤ ገዢ መመርመር አለበት፤ እኔም ባለመመርመሬ ተገሥጫለሁ። ነገር ግን ጉድለቱን እንዳያይ ዓይኑን በቅባት ከሸፈንሁ በኋላ «ለምን አላየህም?» ብለው፣ የሰውን መብራት አጥፍቶ «ምን አደናቀፈህ?» እንደ ማለት ነው።

ሦስተኛው ክርክር ከሁሉ የበረታው ነው። «እናንተም ተታላችሁ ነው የገዛችሁት፤ የተወሰደባችሁን ብታስመልሱ ምን ኀጢአት አለው?» አለ። በዚህ ጊዜ ልጄ ቀና ብሎ አየኝ። እኔም እንዲህ አልሁ፦ «የወሰደብን ሰው ሌላ ነው፤ የምናስከፍለው ሌላ ነው። ገንዘባችንን የወሰደው ሰው መኪናውን መልሶ የሚገዛን ቢሆን ኖሮ ነገሩ ያከራክር ነበር። የሚመጣው ግን እንደ አንተ ሌሊት የሠራ፣ ልጆቹን በዚያ አልጋ ላይ የሚያስተኛ ሰው ነው።» ክፋት እንደ ዕዳ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ይሄዳል፤ እኔ ላይ ሲደርስ ይቆማል የሚል አንድ ሰው ካልተገኘ በቀር መጨረሻ የለውም። ያ ሰው ደግሞ በቆመበት ቦታ ኪሳራውን ይከፍላል። ይህን አልደብቃችሁም፤ ቅንነት ሁልጊዜ በትርፍ ያልቃል ብለው የሚያስተምሯችሁን አትስሟቸው።

እኛም ከፈልን። ልጄ ጉድለቱን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፈ፤ ጣራው መቼ እንደ ተደፈነ፣ የትኛው ኮምፔንሳቶ እንደ ተለወጠ፣ የትኛው ክፍል እንዳበጠና እንዳልተጠገነ፣ ጎማዎቹ መቼ እንደ ተቀየሩ። ከዚያ እንደ ልማዳችን አጠብነው፤ ሰም ቀባነው፤ እንዲያበራ አደረግነው፤ ወረቀቱንም በመስኮቱ ላይ ለጠፍነው። አራት ገዢዎች አንብበው ሄዱ። አምስተኛው ከሚስቱ ጋር መጥቶ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበበ፤ ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ፤ ጣራው ላይም ወጣ። በ6500 ዶላር ገዛው። ከወጣቱ ግምት 4500 ዶላር የጎደለ ነው። ልጄ ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ከሰላምታ በቀር አላነጋገረኝም። አልፈረድሁበትም፤ ገንዘቡ የእርሱ እንጂ የእኔ አልነበረም፤ በሌላ ሰው ኪስ ቅን መሆን ለማንም ቀላል ነው። ነገር ግን ወረቀቱን የጻፈው እርሱ ነው፤ እጁን የያዘለት ማንም የለም። ክብሩም የእርሱ ነው።

ወጣቶች ሆይ፣ ከዚህ ታሪክ ለዕለት ኑሯችሁ የሚጠቅም ነገር ሳልሰጣችሁ ባልፍ መምህርነቴን እክዳለሁ። የሚያብለጨልጭ አሮጌ መኪና ለመግዛት ስትሄዱ ዓይናችሁን አትመኑ፤ እጃችሁን አስቀድሙ። ገላውን ዳስሱ፤ በተሰወረ ጥግ በጥፍራችሁ ቀስ ብላችሁ ፈትሹ፤ እንደ ስስ ላስቲክ የሚነሣ ነገር ካለ የተቀባ ነው። ግድግዳውን አንኳኩ፤ ድምፁ ከቦታ ቦታ ከተለየ ወይም ሲጫኑት ከለሰለሰ ውሃ ገብቶበታል። ሁልጊዜ ወደ ጣራው ውጡ። ከውስጥ የቁም ሳጥኑን ጥግ አሽትቱ፤ ሻጋታ ቀለም ቢቀባም ሽታውን አይደብቅም። የጎማውን ጥቁረት ሳይሆን ጽሕፈቱን አንብቡ፤ ዲ-ኦ-ቲ ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ በመጨረሻ የሚገኙት አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ። 3509 ቢል በፈረንጆች 2009 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንዲሉ፣ ከብልጭታው በፊት ዕድሜውን ዕወቁ።

መኪናው የእናንተ ከሆነ በኋላ ደግሞ በየጊዜው ጠብቁት። ሳይደርቅ በእርጥቡ የሚለው ምክር ለዛፍ ብቻ አይደለም። ዱቄት ሳይሆን በፊት የተቀባ ሰም የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ዱቄት ከሆነ በኋላ የወር ሥራ ነው፤ ከቀለሙ በላይ ያለው ግልጽ ልባስ ተልጦ ከወደቀ በኋላ ግን የትኛውም ሰም፣ የትኛውም መፋቂያ አይመልሰውም፤ እንደገና መቀባት ብቻ ነው።

ይህን ስትሰሙ ስለ ራሳችሁ ማሰባችሁ አይቀርም፤ እንድታስቡም ነው የጻፍሁት። ትምህርት ሳይማር የምስክር ወረቀት የሚሻ ወጣት፣ ንባብ ሳያነብ የመጻሕፍት ስም የሚደረድር፣ ደመወዙ ሳይበቃው በብድር ልብስ የሚንቆጠቆጥ፣ እነዚህ ሁሉ የወለል ማንጸባረቂያ የተቀቡ ናቸው። ከእነርሱ በተቃራኒ ደግሞ ልቤ ንጹሕ ነው እያለ ጸጉሩን የማያበጥር፣ ቀጠሮውን የማያከብር፣ ጽሕፈቱ የማይነበብ አለ፤ እርሱም ሰሙን ንቆ ገላውን ለፀሐይ የሰጠ ነው። ሁለቱም ወደ አንድ ብስባሽ ይደርሳሉ።

አባቶቻችን ቅኔን ሲያስተምሩ ሰምና ወርቅ ብለው ሰየሙት። ስሙን የወሰዱት ከአንጥረኛው ሥራ ነው። አንጥረኛው በሰም ቅርጽ ያወጣል፤ በጭቃ ይሸፍነዋል፤ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ በቦታው ይገባል። ሰም ክቡር የሚሆነው ለወርቁ መንገድ ስለሚያዘጋጅ ነው። ወርቅ የሌለው ሰም ግን በእሳት ፊት ጠፍቶ፣ ባዶ ጭቃ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ልጆቼ፣ ሰሙን አትናቁ፤ በጥንቃቄ ቀቡት። ነገር ግን እጃችሁን ወደ ሰሙ ከመዘርጋታችሁ በፊት መሰላል ይዛችሁ ወደ ጣራው ውጡ።